ሳሎን ውስጥ አራት፣ በር ላይ ስድሳ ስድስት

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ አንዲት አሮጊት ይዞ መቀመጥ ነበር። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ለእሱም ነጭ ጋውን አለበሱኝ፤ እጅጌው ከጣቴ አልፎ ተንጠለጠለ፣ ሁለቴ አጠፍኩት። ደረቴ ላይ ስሜን በዓረብኛ ጽፈው ለጠፉልኝ፤ ከስሜ በታች ደግሞ ማዕረጌ አለ፤ «ሙራፊቃ» ይላል። ሐኪም ቤት ከበሽተኛ አጠገብ የሚቀመጥ አስታማሚ ማለት ነው። ካርቱም ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ማዕረግ አልነበረኝም። ስሜም ቢሆን «ያ ቢት» ነበር፣ አንቺ ልጅ እንደማለት። ዘሀራ መባሌን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራውን ልንገራችሁ። ወደ ሶባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ክሊኒክ፣ ስሙን ተዉት፣ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያክም ነበር። ዶክተሩ «በሽተኛውን ብቻ ማየት አይበቃም፣ የሚያስታምመው ቤተሰብ የተሸከመውንም መለካት አለብን» አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በዚህስ አልቀልድም። ከዚያ ሃያ ጥያቄ ያለው ፎርም መጣ። «በፍጹም» ካልክ ዜሮ፣ «ሁልጊዜ» ካልክ አራት፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሲደመር ከሰማኒያ ይሆናል። እኔ የሰው ሸክም እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ከሰማኒያ ሲታረም ያየሁት ያኔ ነው።

ነጥቡ የበዛለት ቤተሰብ በሽተኛውን ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ወዳለው መዋያ ያመጣል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት አድርሶ ከሰዓት ይወስዳል። መዋያው አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የሚይዘው። እኔ ስቀጠር አሥራ አንዱ ቦታ ተይዞ አንድ ቀርቶ ነበር። ይቺን አንዲት ቦታ ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በሷ ነው።

ፎርሙን የምትሞላው ሱዓድ ነበረች። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ቶቧ፣ ያ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙት ልብስ፣ እንደተተኮሰ የሚውል፣ እርሳሷን በየቤቱ ደጃፍ ላይ የምትቀርጽ ልጅ ነች። ደንቡ አንድ ነው፤ ጥያቄው በሽተኛው በማይሰማበት ቦታ ይጠየቃል። እናቲቱ ፊት «እናትህ ከብደውሃል ወይ» አይባልማ። ስለዚህ ሱዓድ ሳሎን ገብታ ስትጠይቅ አንድ ሰው በሽተኛውን ሌላ ክፍል ይዞ መቆየት አለበት። ያ ሰው እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሐጃ የሚሏቸውን አሮጊቶች ስጠብቅ ስለኖርኩ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲሱ ጋውኑ ነው።

የመጀመሪያው ቤት የሙዕተሲም ነበር። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ፎቅ ቤት፣ ሁለት መኪና፣ ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ዓይነት ወንበር። እናቱ ሐጃ በቱል ምድር ቤት ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለች ክፍል ነበሩ። እኔ እሳቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ወጥ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ትሠራለች፤ ጉንጯን በሻሽ አስራዋለች። ገና ሰላም ስትለኝ ወሎዬነቷ ገባኝ። ፋጡማ ነው ስሟ፣ ከሐይቅ ወዲያ ነው አገሯ።

«ምን ሆነሽ ነው ጉንጭሽ?» አልኳት።

«ጥርሴ ነው፣ እትዬ ዘሀራ። ሁለት ወሩ።»

«ሁለት ወር ሙሉ! አትነቀይውም እንዴ?»

«ሐጃን ለማን ትቼ?» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ሐጃ በቱል ደግሞ የፋጡማን ቀሚስ ጫፍ ይዘዋል። ፋጡማን እናታቸው አድርገዋታል፤ ስትርቅ ያለቅሳሉ። እኔ የያዝኳቸው ለስሙ ነው፤ እሳቸው የያዙት እሷን ነበር።

ከሳሎን የሱዓድ ድምፅ ይሰማኛል። «በእናትህ ምክንያት እንቅልፍ ታጣለህ?»

«ሁልጊዜ!» አለ ሙዕተሲም።

«በሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?»

ትንሽ ቆይቶ የሙዕተሲም ድምፅ ቤቱን አናጋው። «ያ ፋጡማ! ሐጃ በሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳለች?»

«አራት ጊዜ!» አለች ፋጡማ፣ ጉንጯን ደግፋ።

«አራት ጊዜ» አለ ሙዕተሲም ለሱዓድ፣ በተሰበረ ድምፅ።

እንዲህ እየተባለ ተቀጠለ። ራሳቸው ይበላሉ? ያ ፋጡማ! ልብስ ያወልቃሉ? ያ ፋጡማ! ሲቆጡ ይማታሉ? ያ ፋጡማ! ልጅቱ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሐጃን እየጎተተች፣ በታመመ ጥርሷ የጌታዋን ፈተና ትሠራለታለች። እሱ ስሜቱን ብቻ ነው የሚጨምርበት። «ይህን ኃላፊነት ለሌላ ሰው ብተወው ብለህ ታውቃለህ?» ስትለው «ሁልጊዜ» ብሎ ዓይኑን በመሀረብ ጠረገ፤ ይህን ሱዓድ ናት የነገረችኝ። እናቱ ዘንድ የሚወርደው ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ እንደሆነ ደግሞ የነገረችኝ ፋጡማ ናት።

ሰባ አንድ ነጥብ አመጣ። እንኳን ደስ ያለህ ማለት ነበር የቀረን።

ስንመለስ ሀፍላ፣ የከተማው ሚኒባስ ማለት ነው፣ እሱ ውስጥ ሱዓድን «ሰባ አንዱ የፋጡማ ነው እኮ» አልኳት። ሳቀችና ፎርሙን አውጥታ አሳየችኝ። «እዚህ ላይ ‹የቤተሰብ አባል› ነው የሚለው። ፋጡማ የቤተሰብ አባል አይደለችም።» ልክ ነች። የሠራተኛ ፎርም የሚባል አልተሠራም። ይህን ነገር በየሄድኩበት እያነሳሁ ስስቅበት ከረምኩ፤ በምኖርበት ሰፈር በሳጃና ላሉ ጓደኞቼ የሙዕተሲምን ድምፅ እያስመሰልኩ «ያ ፋጡማ!» ስል በሳቅ ይሞቱ ነበር። እዚህ ላይ ሳቄን አስታውሱልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጀሪፍ ሰፈር ሄድን፤ ኢሕሳን ከምትባል ሴት ቤት። አርባ ዓመት ይሆናታል፣ አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፣ አባቷ ሲታመሙ ሥራውን ተወች። አባቷ ሐጅ ዑስማን ሠላሳ ዓመት ሀፍላ ነድተዋል፣ ከጀሪፍ መሀል ከተማ። አሁንም ይነዳሉ። ዓንግሬቡ ላይ፣ ያ የገመድ አልጋ ላይ ማለቴ ነው፣ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መሪ ይዘዋል።

«ወዴት ነሽ?» አሉኝ ገና ስገባ።

«ሶባ፣ ሐጅ።»

«ተሳፈሪ፣ ሊሞላ ነው።»

ተሳፈርኩ፣ ዓንግሬቡ ላይ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። በመንገድ ላይ ኩምሳሪ አደረጉኝ፤ ሒሳብ ሰብሳቢ ማለት ነው። ሰው ሲወርድ ጣቴን አጮሃለሁ፣ እሳቸው ፍሬን ይይዛሉ፣ «ያላ» እላለሁ፣ ይቀጥላሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ካርቱም ውስጥ ከተሳፈርኩባቸው ሾፌሮች ሁሉ ጠባያቸው የተመረጠ እሳቸው ናቸው።

ግን ዓይኔ ሥራውን አይተውም። የክፍሉ በር በውጭ በኩል ሁለት ቁልፍ አለው። በሩ ሥር ቀጭን ፍራሽ ተዘርግቷል፤ ኢሕሳን እዚያ ነው የምትተኛው፣ በሩን በገላዋ ዘግታ። የዓንግሬቡ እግር ላይ ረዥም ሻሽ ታስሯል። ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ አያስፈልግም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። አንዱን ጫፍ ሽማግሌው እጅ ላይ፣ ሌላውን ራስሽ እጅ ላይ ታስሪያለሽ፤ ሲነሳ ትነቂያለሽ።

ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ሱዓድ ናት የነገረችኝ። ጀሪፍ ውስጥ ፋይል የያዘ ሰው ከገባ ጎረቤት አይቀርም። የኢሕሳን አክስት፣ የአባቷ እህት፣ መጥተው ወንበሩ መሀል ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ጎረቤቶችም አሉ። ሻይ በወተት ቀርቧል። ሱዓድ እርሳሷን ቀርጻ ጀመረች።

«በአባትሽ ምክንያት እንቅልፍ ታጪያለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ኢሕሳን።

«በፍጹም ማለትሽ ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ጤናሽ ተጎድቷል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።»

«አባትሽ ከብደውሻል?»

ይሄን አክስቲቱ ናቸው የመለሱት። «አባት ይከብዳል እንዴ? ዒብ ነው፣ ልጄ! ነውር ነው!» ጎረቤቶቹም «ዒብ» አሉ። ኢሕሳን አንገቷን ደፍታ ለሱዓድ ስኳር ጨመረችላት።

አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ አመለጣት። «ጊዜ ያጥርሻል?» ስትባል «ጊዜ ለማን በቅቶ ያውቃል» ብላ ሳቀች። ሱዓድ «ሁልጊዜ» ላይ ምልክት አደረገች። አራት ነጥብ። አጠቃላይ ድምሩም ያው አራት ነጥብ። በሩ ሥር የምትተኛዋ ሴት አራት፣ ፎቅ ላይ በቀዝቃዛ አየር የሚተኛው ሰውዬ ሰባ አንድ።

ልንወጣ ስንል ኢሕሳን እስከ በር ሸኘችን። ሱዓድ ቀድማ ረክሻው፣ ባጃጁ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ገብታለች። ኢሕሳን አንድ እጇን የብረት በሩ ላይ አድርጋ በሌላው እጄን ያዘች፤ አንጓዋ ላይ የሻሹ ምልክት አለ። «አስቸገሩሽ?» አለችኝ።

«ኧረ በጭራሽ፣ ሶባ ደርሰን ተመለስን።»

ሳቀች። እጄን ግን አልለቀቀችም። «ዘሀራ» አለች፣ «እኔ እኮ...» ይሄኔ አክስቲቱ ከውስጥ ጠሯት። እጄን ለቀቀችኝ፣ በሩም ተዘጋ።

ክሊኒክ ስንደርስ ዶክተሩ ስሞቹን በነጥብ ደረደረ። የመጨረሻዋ ቦታ ለሙዕተሲም እናት ሆነች፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ይምጡ ተብሎ በስልክም ተነገረው። ኢሕሳን ከታች ሆና አንደኛ ወጣች። ቢሮው ገባሁ፣ በጋውኔ።

«ዶክተር፣ ያቺ አራት ነጥብ ውሸት ናት።»

«መጠይቁ ተፈትኖ ነው የመጣው፣ ዘሀራ። በብዙ አገር።»

«እዚያ አገር ሰው ደህና ነህ ወይ ሲባል ምን ይላል?»

አልገባውም። አስረዳሁት። እዚህ ከተማ ሰው ተቀምጦ እውነት አይናገርም። ተቀምጦ የሚለው አልሐምዱሊላህ ነው፣ ሦስት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። እኛም ወሎ እንዲሁ ነን፤ ሰው በእንግድነት መጥቶ ሁለት ሰዓት ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ የመጣበትን የሚናገረው ጫማውን አጥልቆ በሩን ይዞ ነው። ስለዚህ ፎርሙ በር ላይ ይሞላ አልኩት።

«ሁሉም እኩል ሁኔታ ላይ ነው መጠየቅ ያለበት» አለ። «ሳሎን፣ ተቀምጦ። ለመሆኑ ያንቺ ሥራ ምንድን ነው?»

«በሽተኛ መያዝ።»

«እንግዲያው በሽተኛሽን ያዢ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሱ ራሱ ግን በነጋታው «እንዴት አደሩ» ስለው «አልሐምዱሊላህ» ብሎኝ አልፎ፣ የቢሮውን እጀታ ከያዘ በኋላ ዞሮ «ኩላሊቴ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም» አለኝ። በዓይኔ ብቻ በሩን አሳየሁት።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። ጋውኔን ትቼ በሀፍላ ጀሪፍ ሄድኩ። ወንዶቹ መስጊድ ናቸው፣ ጎረቤት የለም፣ አክስቲቱም የሉም። ኢሕሳንን «አንቺ ተኚ፣ እኔ ከሐጁ ጋር መንገድ አለኝ» አልኳት። እምቢ አለች፣ ሻይ ላፍላ አለች፣ አልሐምዱሊላህ አለች። ሻዩን ጥዳ እዚያው ምንጣፉ ላይ ጋደም አለች፤ ሻዩ ገንፍሎ አለቀ፣ እሷ አልነቃችም። አራት ሰዓት ሙሉ ተኛች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፏን ከፍታ። እኔና ሐጁ ሶባ ሦስት ጊዜ ደርሰን መጣን።

ስትነቃ ደነገጠች፣ ይቅርታ አለች፣ ሸኘችኝ። በሩን ያዘች። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ቆሜ ጠበቅኋት።

«ረቡዕ ዕለት በሩን ከፍቼ ተውኩት» አለችኝ። «ረስቼ አይደለም፣ ዘሀራ። ሲወጡ አየኋቸው። መንገዱ ጥግ እስኪደርሱ ቆሜ አየኋቸው። ይሂዱ አልኩ። በልቤ ይሂዱ አልኩ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲታጠፉ ሮጥኩ። ውሃው ዳር ነው የደረስኩባቸው።»

ባሕር የሚሉት ዓባይን ነው። ከቤታቸው ሁለት ሰፈር አይርቅም።

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ እሷ ደክሟታል። «ለማንም አትንገሪ» አለችኝ። «ለሱዓድ ብቻ» አልኳት፣ አሰብ አድርጋ እሺ አለች።

ቅዳሜ ለሱዓድ ነገርኳት። እርሳሷን ነከሰች። ይቺ እንደተተኮሰች የምትውል ልጅ ደንብ ታፈርሳለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ ባዶ ፎርም አነሳችና «ያላ» አለችኝ። ጀሪፍ ገብተን ሳሎን ተቀመጥን፣ ሻይ ጠጣን፣ አክስቲቱን ስለ ጤናቸው ጠየቅን፣ አንድም ነገር ሳንጽፍ ተነሳን። ከዚያ ሱዓድ በር ላይ ፎርሙን የብረት በሩ ላይ አስደግፋ ሃያውንም ጠየቀች። እኔ ግቢ ውስጥ ሐጁን ይዣለሁ፤ የሚባባሉትን አልሰማም፣ ደንቡን እዚያ ላይስ አክብረናል። አንድ ሰዓት ፈጀ። ሱዓድ ስትመለስ የእርሳሷ ጫፍ ተሰብሯል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ስድሳ ስድስት ነጥብ።

ዶክተሩ ፎርሙን አየ፣ ሱዓድን አየ፣ እኔን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን ልመስክርለት። «እቀበለዋለሁ» አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አየ።

«ሰባ አንድ ግን ይበልጣል» አለ። «ቁጥር ነው። ምን ላድርግ?»

ወይ ጉድ። አንዲት ቦታ፣ ለአምስት ነጥብ። እሱም አምስቱ ነጥብ የፋጡማ ናቸው። ኢሕሳን ደግሞ በሩን ዳግመኛ ብትከፍተው የሚሮጥ እግር ይኖራት አይኖራት ማን ያውቃል? ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እሑድ ለሙዕተሲም የመቀበያ ወረቀቱን እንዳደርስ እኔን ላኩኝ። ከወረቀቱ ጋር የመልሶቹ ግልባጭ ተያይዟል፣ ፈርሞ እንዲመልስ። አሁን የምነግራችሁን እንዳታደርጉት። የፎርም ምስጢር ማውጣት ክልክል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አስምለውናል። እኔ ግን የሙዕተሲምን በር አልፌ ቀጥሎ ያለውን አንኳኳሁ። እዚያ የሐጃ በቱል ታናሽ እህት ይኖራሉ፤ ማንበብ የሚችሉ፣ ምላሳቸው ሰፈሩን የሚያዳርስ ሴትዮ።

«ሙዕተሲም የለም መሰለኝ» አልኩ። «ይቺን ይሰጡልኛል? እህትዎ በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒክ ሊውሉ ነው። ከብደውታል ብሎ ነው፣ እዚህ ላይ አለ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ለሌላ ሰው ብተወው... ሁልጊዜ» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ሙዕተሲም? የበቱል ልጅ እንዲህ አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐጃ። የእጅ ጽሑፉ የሱዓድ ነው፣ ቃሉ የሱ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ የሆነውን በስልክ ሰማን። ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዐስር ሶላት በፊት ሳሎኑ በሴቶች ሞልቷል፤ ከኦምዱርማን የመጣች አክስት ሁሉ ነበረች። እናትህን ጣልካት ወይ እያሉ በየተራ አለቀሱበት። ሙዕተሲም ለዶክተሩ ደውሎ ጮኸ። «እናቴ ከብዳኛለች ያለው ማነው? እናቴ ከቤቴ አንድ እርምጃ አትወጣም! አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም!» አለ። ሰባ አንዱ በአንድ ስልክ ዜሮ ሆነ። ዶክተሩ ወረቀቱ እንዴት እህትየው እጅ እንደገባ ጠየቀኝ፤ ተሳስቼ ነው አልኩት። እንዳላመነኝ አውቃለሁ። ቦታዋን ለኢሕሳን ጻፈላት።

ሐጅ ዑስማን ማክሰኞ ጠዋት የታጠበ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ። አሥራ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ወንበር ላይ ተደርድረው ሲያዩ ደስታቸው ለጉድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ሀፍላ አይተው አያውቁም። ፊት ለፊት ተቀመጡና «ማነው ኩምሳሪው?» አሉ። ኢሕሳን በር ላይ ቆማ አየቻቸው፣ ከዚያ ወደኔ ዞረችና ግንባሬን ሳመችኝ። ቤቷ ሄዳ እስከ ከሰዓት እንደተኛች በኋላ ነገረችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍራሹን ከበሩ ሥር አንስታ።

እኔ ደረቴ ተነፍቶ በበር አላሳልፍ አለኝ። ዶክተሩን ረታሁ፣ ነጋዴውን ረታሁ። ይህን ወሬ ከማንም በላይ ፋጡማ መስማት አለባት አልኩ፤ ጌታዋ እንዴት እንደተዋረደ ሰምታ ትሳቅ። በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ሙዕተሲም መስጊድ ሲሄድ ጠብቄ በወጥ ቤት በኩል ገባሁ።

ሐጃ በቱል ቀሚሷን ይዘው መሬት ተቀምጠዋል። ጉንጯ አሁንም በሻሽ ታስሯል፣ እብጠቱ ወደ ዓይኗ ወጥቷል። ሁሉንም ነገርኳት፤ እህትየውን አስመሰልኩ፣ ሙዕተሲምን አስመሰልኩ። ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኳት፣ ለአፌ ያህል።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ተነሳሁ። ሐጃን እየጎተተች እስከ በር ሸኘችኝ። ልወጣ ስል አንድ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔም ቆምኩ፤ ያን አቋቋም አውቀዋለሁ።

«እትዬ ዘሀራ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሙዕተሲም ነግሮኝ ነበር። ሐጃ ክሊኒክ ስትውል ያንቺ ጊዜ ነው ብሎኝ ነበር። ለማክሰኞ ጥርሴን ቀጠሮ ይዤ ነበር። እነዚያ ሦስት ቀኖች እኮ የኔ ነበሩ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰባ አንዱ የፋጡማ ነው እያልኩ ሳጃናን ሳስቅ ከርሜ፣ ቦታውን ስነጥቅ የማን ቦታ እንደነጠቅኩ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ሙዕተሲም ምን ጎደለበት? በነጋታው ሱቁ ሄዷል። ፋጡማ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ለዚያች ሴትዮም ደግ ሆነላት» አለችና ሐጃን ይዛ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከዶክተሩ ፈቃድ ጠየቅኩ። ለምን ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት፣ እጀታውን ይዤ። አንዴ አየኝና «ሂጂ» አለኝ። ፋጡማ ሄዳ ተነቀለች፤ የታመመው አንድ ጥርስ ነበር፣ ሲቆይ ግን ሁለት ተነቀለ። እኔ ሐጃ በቱልን ያዝኩ። ቀሚሴን አልያዙልኝም። እስክትመለስ ድረስ በሩ ላይ ቆመው «እማዬ» እያሉ አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ወር በወር አንድ ቀን እየሄድኩ እይዝላት ነበር፣ ጦርነቱ መጥቶ ሁላችንንም እስኪበትነን። የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ሦስቱን ቀን አልመለሰላትም። አሁን ሳጃና ተመልሼ አዲስ ለሚመጡ ልጆች የበሽተኛ አያያዝ አሳያለሁ። ፎርም የሚይዙም አሉባቸው፤ ለእነሱ የምለው ይህን ነው። ቤት ስትገቡ ሳሎን ከመቀመጣችሁ በፊት ወጥ ቤት ግቡና ማን እንዳለ እዩ። መልስ ስትፈልጉ እስክትሸኙ ቆዩ። ከወጥ ቤት ወጥቼ ነው ፎርም የያዝኩት የምትል ደግሞ ሁለቴ ትግባ፤ አንዴ ገብታ የምታየውን እኔም አይቼው ነበር፣ ቦታውን ስነጥቅ ግን ፋጡማን ረሳኋት።